ካድሚየም በማን በር ይገባል? መርዛማ ብረት የማይስብ እህል ስለማዳቀል

እኛ ቤት ሩዝ ድስት ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ወተት ይነጣል፣ ሁለተኛው ይሳሳል፣ በሦስተኛው የሳህኑ ቂጥ ሲታይ «በቃ፣ ጠራ» ይባላል። የወጣው አቧራና የገለባ ብናኝ ከሆነ በእርግጥም ጠርቷል። በጤፍም የምናውቀው ነገር አለ፤ ጤፍ ውስጥ የሚለካው የአይረን መጠን አንዳንዴ የሚጋነነው አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ በሚቀላቀለው አፈር ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን አፈር ማበጠርም ማጠብም ይቀንሰዋል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለማይታጠበው ነው። ተክሉ ራሱ በሥሩ ስቦ፣ በአገዳው አሳልፎ፣ ፍሬው ውስጥ ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ያስቀመጠው ካድሚየም ሦስት ጊዜ ቢታጠብም አይወጣም። ሩዙ ቢፈተግ እንኳ የሚቀንሰው ጥቂት ነው።

ከመግባቴ በፊት አንድ የቃል ነገር ላስተካክል። በአማርኛ «ብረት» ስንል ደም ማነስ ሲይዘን የሚታዘዘውን አይረንም ማለታችን ነው፣ በጅምላ የብረታ ብረት ዘርንም ማለታችን ነው። እዚህ መርዛማ ብረት ስል ካድሚየምን፣ እርሳስንና የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። አርሴኒክ በኬሚስቶች አከፋፈል ሙሉ ብረት ባይሆንም በዚህ ወሬ ከእነሱ አይለይም። አይረንን ስፈልግ አይረን እላለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ዓለም ያወቀው በሴቶች ጩኸት ነው። በጃፓን ቶያማ ግዛት፣ የጂንዙ ወንዝ በሚያጠጣው የሩዝ አገር፣ ልጅ ደጋግመው የወለዱና ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች አጥንታቸው እየሳሳ ሲያስሉ እንኳ ይሰበር ጀመር። በሽታው ስም የወጣለት ከአፋቸው ነው፤ «ኢታይ፣ ኢታይ» ይሉ ነበር፣ «አመመኝ፣ አመመኝ» እንደማለት ነው። የአካባቢው ሐኪም ኖቦሩ ሃጊኖ በሽተኞቹ የሚኖሩት ሁሉ ወንዙ በሚያጠጣው መሬት ላይ መሆኑን አስተዋለ። ከወንዙ በላይ ደግሞ የሚትሱይ ኩባንያ የካሚዮካ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ነበር። ካድሚየም ብቻውን ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን አይደለም፤ ከዚንክ ጋር ተዳብሎ ነው የሚኖረው። ዚንኩን የሚፈልግ ያወጣዋል፣ የማይፈለገው ካድሚየም ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል፣ ከወንዙ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ሩዙ። በ1968 የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንስኤ ካድሚየም መሆኑን በይፋ ተቀበለ፤ ተጎጂዎቹም ፍርድ ቤት ቆመው በ1971፣ በይግባኝ ደግሞ በ1972 ረቱ።

ካድሚየም ከሌሎች መርዞች የሚለየው በችኮላ አለመግደሉ ነው። ከምግብ ጋር የገባው አብዛኛው ከሰውነት ይወጣል፤ የቀረው ግን ኩላሊት ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ የገባው መጠን በግማሽ እንዲቀንስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይወስዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩበት ከሆነ መቼም አይቀንስም። ኩላሊት ሲጎዳ ካልሲየምና ፎስፌት ወደ ደም መመለሱን ትቶ በሽንት ይለቃል፣ ያኔ ዋጋውን የሚከፍለው አጥንት ነው። በእርግዝናና በጡት ማጥባት ካልሲየሟ የተመናመነ እናት ደግሞ ቀድማ ትወድቃለች።

ስንት ነው ብዙ? ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለተፈተገ ሩዝ በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ካድሚየም ጣሪያ አድርጓል፣ ለስንዴ 0.2። ቻይና ለሩዝም 0.2 ላይ አጥብቃ ይዛለች። እስቲ እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች ለአንድ ሰው የሚፈቅዱት በወር ከኪሎ ክብደቱ 25 ማይክሮ ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በወር 1500፣ በቀን 50 ማይክሮ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ሩዝ 125 ግራም ብቻ፣ ማለትም አንድ ደህና ሳህን ለማብሰል የሚበቃ ደረቅ ሩዝ፣ ያችን 50 ማይክሮ ግራም ይዛለች። በቀን ሦስት ጊዜ ሩዝ ለሚበላ ሕዝብ «ሕጉን አላለፈም» የሚለው ቃል ብዙም አያስተኛም። ሩዝ አልፎ አልፎ ለሚበላ ቤት ግን ያው ቁጥር የሚያስደነግጥ አይደለም። ጉዳዩ የእህሉ ብቻ ሳይሆን የማዕዱም ነው።

አሁን ወደ ተክሉ እንምጣ። ሰው «ተክል ለምን መርዝ ይስባል?» ብሎ ሲጠይቅ ተክሉ የሚመርጥ ይመስለዋል። ሥር ዓይን የለውም። ከአፈሩ ውሃ ውስጥ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ አይረን፣ ካልሲየም ለቅሞ ማስገባት አለበት፤ ለዚህም በህዋሶቹ ቆዳ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉት። እያንዳንዱ በር የሚያልፈውን በመጠኑና በኤሌክትሪክ ሙሉ፣ ማለትም በቻርጁ፣ ይለየዋል። ካድሚየም ደግሞ እንደነ ዚንክና ማንጋኒዝ ሁለት ፖዘቲቭ ሙል ይዞ ይመጣል፤ ዘበኛው የሚያውቀውን ልብስ ለብሶ የመጣ እንግዳ በሉት። ይገባል።

ሩዝ ላይ ካድሚየም የሚገባበት ዋናው በር የትኛው እንደሆነ የታወቀው በ2012 ነው። በጃፓን ኦካያማ ዩኒቨርሲቲ የጂያን ፌንግ ማ ቡድን እና የሳቶሩ ኢሺካዋ ቡድን በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ጂን፣ ማለትም በሩን የሚያሠራው የዲኤንኤ መመሪያ፣ ላይ ተገናኙ። ስሙ ኦኤስኤንራምፕ5 ይባላል፤ ከዚህ በኋላ «ኤንራምፕ» እያልኩ ልለፍ። ይህ በር የተሠራው ለማንጋኒዝ ነው፤ ሩዙ ማንጋኒዝ ካላገኘ ቅጠሉ ብርሃን አስሮ ምግብ ማብሰል ያቅተዋል። ካድሚየም በዚሁ በር ተከትሎ ነው የሚገባው።

ኢሺካዋና ባልደረቦቹ የሄዱበት መንገድ ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ጣፋጭ ክፍል ነው። ኮሺሂካሪ የሚባለው ሩዝ ጃፓኖች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነው፤ ጣዕሙን የሚነካባቸውን ሰው አይወዱም። ዘሩን ወስደው በካርበን አዮን ጨረር መቱት። ጨረሩ ዘሩን ሲያልፍ ዲኤንኤውን እዚህም እዚያም ይቆርጠዋል፣ ዘሩ ራሱ ሲጠግን አንዳንዱን ስፌት ያዛባዋል። የት እንደሚያዛባ ማንም አያዝዘውም። ከዚያ ዘሩ ይዘራል፣ ልጆቹ እንደገና ይዘራሉ፣ በሁለተኛው ትውልድ 2592 ተክሎች ካድሚየም ባለበት አፈር አድገው ፍሬያቸው አንድ በአንድ ተለካ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ካድሚየም የራቃቸው ሦስት ተገኙ። ሦስት! የወይራ ዶቃ በጤፍ ክምር ውስጥ ከመፈለግ አይተናነስም።

ሦስቱም የተበላሸባቸው ያው አንዱ በር ነበር፣ የተበላሸበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። በአንዱ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ጂኑ መሐል ገብቶ ተጋድሟል። በሌላው ጂኑ ከነጎረቤቶቹ ተገንጥሎ ጠፍቷል። በሦስተኛው የጠፋው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «መስከረም» ከሚለው ቃል አንድ ፊደል ሲጎድል የቀረው ቃል ትርጉም እንደሚያጣው፣ ጂኑ ከዚያ ፊደል በኋላ አይነበብም፤ በሩ ሳይሠራ ይቀራል። ካድሚየም በበዛበት ማሳ ላይ እናት ኮሺሂካሪ በኪሎ በአማካይ 1.73 ሚሊ ግራም ስትይዝ፣ እነዚህ ከ0.05 በታች ሆኑ። ከላይ የሠራነውን ስሌት መልሱት፤ በቀን 300 ግራም ለሚበላ ሰው ከ519 ማይክሮ ግራም ወደ 15 እና ከዚያ በታች መውረድ ነው። አንድ ፊደል የጎደለባት ዝርያ በ2015 «ኮሺሂካሪ ካን 1» ተብላ ተመዘገበች። «ካን» አካባቢ ከሚለው የጃፓን ቃል የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ጨረር የመታው ሩዝ ይበላል? ጨረሩ የመታው ያንን የመጀመሪያ ዘር ነው፤ በእሳት የተተኮሰ ጥጃ እሳት እንደማይወልድ፣ ልጅ ልጆቹም ጨረር አይዙም። የቀረው የፊደል ለውጥ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ ማሳ ላይ በራሱ ጊዜ ይፈጠራል። ይህም ሆኖ የአኪታ ግዛት፣ እነ ኮሳካና ኦሳሪዛዋ የመሳሰሉ የቆዩ የማዕድን ጉድጓዶች ያሉባት አገር፣ ታዋቂ ዝርያዋን አኪታኮማቺን ከካን 1 ጋር አዳቅላ፣ ሰባት ጊዜ ደግሞ ወደ አኪታኮማቺ መልሳ አዳቅላ ያገኘችውን «አኪታኮማቺ አር» ከ2025 ጀምሮ በነባሩ ዘር ቦታ ለመተካት ስትነሳ ከሸማቾች ብዙ ቅሬታ መጣባት። ሰባት ጊዜ መልሶ ማዳቀል ማለት ከካን 1 የተፈለገችውን ያችን አንዲት ጉድለት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ የአኪታኮማቺ ማድረግ ነው። በሳይንሱ በኩል ፍርሃቱ አያሳምነኝም። «ምን እንደምበላ ንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ ግን የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ ሰውየው ልክ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በሩ የተሠራው ለማንጋኒዝ ነበር ብለናል። በሩን ስትዘጋ ማንጋኒዙም ውጭ ይቀራል። የኦካያማው ቡድን ጂኑን ሙሉ በሙሉ ያጠፋባቸው ተክሎች ማንጋኒዝ ሲያንሳቸው ቀጭጨው ምርታቸው ቀነሰ። የእነ ኢሺካዋ ካን 1 ግን ማሳ ላይ ከእናቷ ያልተናነሰ ምርት ሰጠች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ከአፈሩ ነው። ውሃ በተኛበት ማሳ ማንጋኒዝ ስለሚሟሟ በጓሮ በርም ቢሆን ይገባል፣ በደረቅ ወይም ማንጋኒዝ ባነሰው አፈር ግን ተክሉ ይራባል። ካን 1 ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ለሚያወጣው የፈንገስ በሽታ ከእናቷ ይልቅ ትጋለጣለች። ገበሬ ዘሩን ሲቀበል ይህንንም አብሮ መስማት አለበት፤ «ንጹህ ዘር» ብሎ ሰጥቶ መሄድ ለሚቀጥለው ዓመት ጠብ ማቆየት ነው።

ሁለተኛው ስልት በሩን ሳይነኩ ከገባ በኋላ ማሰር ነው። የሥር ህዋስ ውስጥ ውሃ የሞላበት ትልቅ ከረጢት አለ። ኤችኤምኤ3 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ከረጢቱ አፍ ላይ ተቀምጦ ካድሚየምን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ እዚያ የገባ ካድሚየም ወደ አገዳ አይወጣም፣ ሥሩ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ይቀራል። በ2010 እነ ጂያን ፌንግ ማ ይህን ያሳዩት ሁለት ሩዞችን አስተያይተው ነው። አንጃና ዳን የምትባለው ዝርያ ፍሬዋ ካድሚየም ይበዛበታል፤ ኒፖንባሬ ያንስበታል። ልዩነቱ ሲፈተሽ የአንጃና ዳን ኤችኤምኤ3 በ80ኛው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲዱ ተለውጦ አይሠራም። ዘበኛው ስለተኛ እስር ቤቱ ባዶ ነው፣ ካድሚየሙ ሁሉ ወደ ፍሬ ይወጣል። ይህ ስልት ከመጀመሪያው የሚሻልበት ነገር ማንጋኒዝን አለመንካቱ ነው።

ሦስተኛው ነገር ግን እኔን ራሴን ግራ አጋብቶኝ ነበር። በ2022 የታተመ ሥራ ፖካሊ የሚባለውን ሩዝ መረመረ፤ በሕንድ ኬረላ ጠረፍ ጨዋማ አፈር ላይ የሚበቅል ነባር ዝርያ ነው። ፖካሊ ኤንራምፕ በሩን አልዘጋም፤ እንዲያውም ጂኑ አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ጊዜ ተደግሞለታል። ሁለት በር! ካድሚየም ይበዛበታል ብላችሁ ብትጠብቁ ትሳሳታላችሁ፤ ፍሬው ላይ ያንሳል። ምክንያቱ በሁለቱ በር ማንጋኒዝም ጎርፎ መግባቱ ነው። ከሥር ወደ አገዳ በሚወጣው ሁለተኛ መተላለፊያ ላይ ማንጋኒዝና ካድሚየም ይጋፋሉ፣ ማንጋኒዝ በዝቶ ቀድሞ ይዞታል፣ ካድሚየም ሥር ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ይህን እጥፍ ጂን በማዳቀል ወደ ኮሺሂካሪ አስገቡት፤ ካድሚየም ቀነሰ፣ ምርቱም ጣዕሙም አልተነካ። በጨረር ከሺህ አንድ ተብሎ ሲፈለግ የነበረው መልስ አንድ የጠረፍ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነበር።

«አፈሩን ለምን አያጸዱትም?» የሚል ካለ፣ አጽድተዋል። ቶያማ ላይ 863 ሄክታር ማሳ የተመረዘው አፈር ተቀብሮ ንጹህ አፈር ለብሷል፤ ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2012 አለቀ፣ ወጪው ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ነው። ለአንድ ሸለቆ! በቻይና ግን በ2014 ይፋ የሆነው የአፈር ጥናት ከእርሻ መሬት ናሙናዎች 19.4 በመቶው ከደረጃው ያለፈ ብክለት እንዳለበት አሳየ፤ ከብክለቶቹ ሁሉ ፊተኛው ካድሚየም ነው። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ጓንግዡ ከተማ ከመረመረቻቸው 18 የሩዝና የሩዝ ውጤት ናሙናዎች 8ቱ ካድሚየማቸው ከሕጉ በላይ ሆኖ ሕዝቡ ተደናግጦ ነበር፤ ብዙው ሩዝ የመጣው ማዕድን ከሚቆፈርበት ከሁናን ነው። ያን ያህል አገር አፈር ገልብጦ መቅበር አይታሰብም። በ2017 «የድቅል ሩዝ አባት» የሚባሉት ዩዋን ሎንግፒንግ ካድሚየም የማይስብ ሩዝ መገኘቱን ሲያበስሩ ቻይናውያን እንደ በዓል የተቀበሉት ለዚህ ነው። እነሱ በዚያው ዓመት ያንኑ ኤንራምፕ በክሪስፐር፣ ማለትም ጂንን በታለመበት ቦታ በሚቆርጠው መሣሪያ፣ አጥፍተው አሳይተዋል።

ገበሬው ራሱ በእጁ የሚያደርገው አንድ ዘዴ አለ፤ ውሃ። ሩዝ ዛላ ከማውጣቱ ሦስት ሳምንት በፊትና ሦስት ሳምንት በኋላ ማሳው ላይ ውሃ ካስተኛ አፈሩ አየር ያጣል፣ ካድሚየም ከድኝ ጋር ይጣበቅና ሥር የማያገኘው ድንጋይ ይሆናል። ደስ ይላል፣ ግን ያው ውሃ ሌላ መርዝ ይፈታል። አርሴኒክ በደረቅ አፈር በአይረን ዝገት ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ አየር ሲጠፋ ዝገቱ ይሟሟል፣ አርሴኒኩ ይለቀቃል፣ ሩዝ ደግሞ ሲሊከን በሚያስገባበት በር ይስበዋል። ውሃ ሲበዛ አርሴኒክ፣ ውሃ ሲያንስ ካድሚየም፤ ገበሬው ከእሳት ወደ ረመጥ ነው። ዘሩ ሁሉን የሚለውጠው እዚህ ላይ ነው። ካን 1 ካድሚየምን አትስብም፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳውን በድፍረት ማድረቅ ይችላል፣ አርሴኒኩም አብሮ ይወርዳል። የኢሺካዋ ቡድን በ2016 ሁለቱ በአንድ ላይ መውረዳቸውን ማሳ ላይ አሳይቷል። በእኔ ግምት የዚህ ዝርያ ትልቁ ጥቅም ካድሚየሙ ላይ ሳይሆን ገበሬው ውሃውን እንደልቡ እንዲያዝ ማድረጉ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው እውቀት ተገልብጦም ይሠራል። ጃፓኖች ቾኮኮኩ የምትባል ካድሚየም አጥብቃ የምትስብ ሩዝ በተመረዘ ማሳ ላይ ዘርተው፣ አጭደው ያቃጥላሉ። ለመብል ሳይሆን አፈሩን እንድታጥብላቸው ነው።

ስለ ሩዝ ብዙ ብያለሁ፤ ለእኛ የሚቀርበው ግን ስንዴ ነው። ከስንዴዎች ውስጥ ካድሚየም የሚቀናው ዱረም፣ ማለትም የማካሮኒው ስንዴ ነው። ካናዳ በሜዳዎቿ ዱረም አምርታ ለጣሊያንና ለሰሜን አፍሪካ ትሸጣለች፤ አፈሩን የመረዘው ፋብሪካ የለም፣ ካድሚየሙ ከዐለቱ የመጣ ነው። ገዢዎች መለካት ሲጀምሩ የካናዳ አዳቃዮች ሥራ ላይ ወረዱ። ካድሚየም የሚያሳንሰው ባሕርይ በአንድ ጂን የሚወሰን ሆኖ ተገኘ፤ ለአዳቃይ ከዚህ የበለጠ ምሥራች የለም፣ ምክንያቱም አንድ ጂንን ከዝርያ ወደ ዝርያ ማሻገር ሃያውን ከማሻገር ጋር አይወዳደርም። በ2004 የተመዘገበችው ስትሮንግፊልድ ይህን ባሕርይ ይዛ ወጣች፣ ምርቷም ጥሩ ስለነበር ገበሬው ተሻማባት። ካድሚየሙ ከቀድሞዎቹ በግማሽ ያህል ያንሳል።

ጂኑ ኋላ ሲታወቅ ያው የእስር ቤቱ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ፤ የስንዴው ኤችኤምኤ3። ካድሚየም በሚበዛባቸው ዱረሞች 17 የዲኤንኤ ፊደላት ሁለት ጊዜ ተደግመው ተጽፈዋል፤ ድግግሞሹ ንባቡን ያፈርሰዋል፣ ዘበኛው አይሠራም። በ2019 የዱረም ሙሉ የዲኤንኤ መዝገብ ሲታተም ተመራማሪዎቹ ይህ ስህተት የት የት እንዳለ ፈለጉ። በዱር ስንዴ ውስጥ ጭራሽ አላገኙትም። ሰው ከዱር አውጥቶ መዝራት ከጀመረው ጥንታዊ ስንዴ ወደ ዘመናዊ ዱረም ሲመጣ እየበዛ ሄዶ በአሁኖቹ ዝርያዎች ዘንድ በሰፊው ተሠራጭቷል። ሰው ምርት እየመረጠ ሲያዳቅል፣ የማያየውን ስህተት አብሮ መረጠ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ የተደነቀበት የኢትዮጵያ ዱረም ብዛት ዛሬም አለ፤ ከፊሉ በገበሬ እጅ፣ ከፊሉ አዲስ አበባ ባለው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ ውስጥ። ባሌ ላይ ለአራስ ገንፎ የሚሆነው፣ አጥንት ይጠግናል የሚባልለት አጃ፣ ማለትም ልባሱ የማይለቀው ስንዴ፣ የዚያ ሰው ከዱር አውጥቶ መዝራት የጀመረው ጥንታዊ ስንዴ ዘር ነው። ፖካሊን ያሰብን እንደሆነ፣ ነባር ዘርን የሚመለከት ሰው አሁን ከምርትና ከዋግ መቋቋም ሌላ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው።

ለማስደንገጥ አይደለም። የጂንዙ ዓይነት ታሪክ የሚመጣው ከማዕድንና ከፋብሪካ እጣቢ ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን በየማሳው አሉ። አንዱ የአፈር አሲዳማነት ነው። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል፤ ገበሬውን የሚያስጮኸው ሥር የሚያቃጥለው አሉሚኒየም ነው፣ ነገር ግን አፈር በአሲድ በቆመጠጠ ቁጥር ካድሚየምም ይፈታል። ለአንዱ የሚረጨው ኖራ ለሌላውም መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ማዳበሪያ ነው። ፎስፌት የሚወጣበት ደለል ዐለት ካድሚየም ይይዛል፣ መጠኑ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በኪሎ ፎስፌት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም ያለው ማዳበሪያ የኅብረቱን ምልክት ይዞ እንዲሸጥ አይፈቅድም። በየዓመቱ የሚጨመረው ጥቂት ነው፤ አፈር ግን እንደ ኩላሊት ነው፣ የገባበትን አይለቅም።

ከዘር ባንክ ዘር አውጥቶ መጠየቅ ድሮ ሰብሉን ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ፈጭቶ፣ ፍሬውን በውድ መሣሪያ መለካት ነበር። አሁን ለዱረም ቡቃያው ሁለት ቅጠል ሲያወጣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ይቆረጣል፣ በትንሽ ቱቦ ተወቅጦ ዲኤንኤው ይወጣል፣ 17ቱ ፊደላት የሚደገሙበት ቦታ ይባዛል፣ በጄል ላይ በኤሌክትሪክ እየተገፋ በርዝመቱ ይለያል። ሁለት መስመር ይታያል፤ አንዱ ከሌላው 17 ፊደል ይረዝማል። የረዘመው ካድሚየሙን ወደ ፍሬ ይለቃል፣ ያጠረው ሥሩ ውስጥ ያስረዋል። ያጠረውን ይዞ ወደ ማሳ ነው።